ሙሉ ሲሏት አቤት ያለችው ልጅ

በዚህ ዓመት፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ እንደገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮተቤ መንገድ ዳር ባለ አንድ ኮሌጅ እማራለሁ። የምቀመጠው ከፊት ነው። ለሰው ዓይኔ ስለደከመ ነው እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን መምህሯ እንዲያዩኝ ስለምፈልግ ነው። የሚባለውን ሁሉ በጥንቃቄ እጽፋለሁ፣ ርዕሱን በቀይ፣ ዝርዝሩን በሰማያዊ እስክሪብቶ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች «ማዘር» ይሉኛል። ፈተና ሲቃረብና ደብተሬን ፎቶ ማንሳት ሲፈልጉ ደግሞ «ማዘርዬ» እሆናለሁ። የምንማረው ትምህርት ፎረንሲክ ሥነ ልቦና ይባላል። እኔ እንደገባኝ፣ ስለ ሰው አእምሮና ጠባይ የሚታወቀውን ነገር ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ሥራ ማዋል ማለት ነው። የመረጥኩት ዘርፍ ፆታዊ ጥቃትን መከላከል ነው።

በመጀመሪያው ቀን መምህራችን፣ የልጄ እኩያ የሚሆኑ ዶክተር፣ «ሁላችሁም ከየትኛው ሙያ እንደመጣችሁ ንገሩን» አሉ። አንዱ ወጣት ሰልፍ ላይ እንዳለ ቀጥ ብሎ ቆመና «ፖሊስ ነኝ!» አለ። ሁለት ነርሶች ነበሩ፤ አንዲት ጠበቃና በቤተ ክርስቲያኑ የምክር አገልግሎት የሚሰጥ አንድ ሰውም ነበሩ። ተራዬ ሲደርስ «የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ» አልኩ። ከኋላ በኩል «ሀ ሁ ልታስቆጥረን ነው» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁና እኔም ፈገግ አልኩ። ዶክተሯ ግን አልሳቁም። ስለ ሙያው አመጣጥ ማስረዳት ጀመሩ፤ በጣም ጥሩ ያስተምራሉ። በመሐል እንዲህ አሉ፦ «ጥቃት የደረሰበትን ልጅ በጥንቃቄ የመጠየቅ ዘዴ ወደ ከተማችን የመጣው በቅርብ ነው፣ ከውጭ አገር በመጡ ሥልጠናዎች። ከዚያ በፊት እዚህ ያሰበበት ሰው አልነበረም። አይደል እትዬ አጸደ?»

እኔን ነው የጠየቁት። «አዎ ዶክተር» አልኩ። አልኩና ጻፍኩት፤ ከሥሩም በቀይ አሰመርኩበት።

ከትምህርት ወጥቼ መገናኛ ስደርስ ዝናብ ያዘኝ። ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አንዲት የሱቅ ክዳን ሥር ተጠጋግቶ ቆሟል። ከአጠገባችን የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባቸው ያዘሉ ሁለት ሴቶች ዝናቡ እስኪያባራ ሸክማቸውን አውርደው ነበርና የእርጥብ ቅጠሉ ሽታ መጣብኝ። ይህ ሽታ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ይወስደኛል። ገና በሐሳብ መሄድ ስጀምር «ቲቸር! ቲቸር አጸደ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ትልቅ ሴት የሆነች፣ በአንድ እጇ በፌስታል የፍሬን ሸራ፣ በሌላው አንዲት ትንሽ ልጅ የያዘች ሰው ቆማለች። አፍታ ፈጀብኝ። «የሺ!» አልኩ። ተቃቀፍን፤ የፍሬን ሸራው ጀርባዬን መታኝ።

«ልጅሽ ናት?» አልኳት።

«ይጠይቋታ።»

ወደ ትንሿ ጎንበስ ብዬ፣ «ስምሽ ሶስና ነው አይደል?» አልኩ።

«አይደለም!» አለች ልጅቷ፣ የቆመው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ። «ማርታ ነኝ! ተሳስተዋል!»

የሺ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ግን «አዎ ዶክተር» ያልኩት ነገር ትዝ አለኝና ሳቄ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

ታሪኩን እንድጽፈው የሺ ፈቅዳልኛለች። የእሷንም የሌሎቹንም ስም ቀይሬያለሁ፤ የሙያው ሥነ ምግባር እንደዚያ ያዛል ተብለን ተምረናል።

ጊዜው አዲሱ መንግሥት ከገባ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ነበር። ማን መጣ ማን ሄደ የሚለውን ለሌሎች እተዋለሁ። ሰፈራችን አንድ ሰሞን ዞን፣ ሌላ ሰሞን ወረዳ ይባል ነበር፤ የካ ክፍለ ከተማ የሚለው ስም ኋላ የመጣ ነው። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ብዙ አልቆየሁም። ወሰን አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል አስተምር ነበር። ከመገናኛ ወሰን በሰባ አምስት ሳንቲም ይኬድ ነበር፤ ወያላው መልስ ሲያጣ አንድ ከረሜላ ያስጨብጥሃል፣ ከረሜላውንም የክፍሌ ልጆች ስለሚጠብቁት አልከራከርም ነበር። ዛሬ ሳንቲም የሚባለውን ነገር ልጆች በሥዕል ነው የሚያዩት። ከሰልባጅ ተራ የገዛሁት ትከሻው ወፍራም የሆነ አረንጓዴ ኮት ነበረኝ፤ ከፕሊት ቀሚስ ጋር ስለብሰው ራሴን እንደ ርዕሰ መምህርት እቆጥር ነበር። ተማሪዎቹ ሰማያዊ ሹራብ ይለብሱ ነበር፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ። ከሁለት ልጆች አንዷ የምታደርገው ኮንጎ ጫማ ነው፤ ዝናብ ሲሆን ውስጡ ውሃ እየገባ ፏጭ ፏጭ የሚለው። ማዞሪያው ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ የወደደውን ዘፈን ሳምንት ሙሉ ይደጋግመዋል፤ ልጆቹ ወረፋ ውሃ ሲቀዱ እየሰሙ ግጥሙን ሸምድደው ክፍል ውስጥ ያንጎራጉሩብኝ ነበር። ያን ጊዜ እቆጣቸው ነበር፤ አሁን ያ ዜማ ከየትም መጥቶ ጆሮዬ ላይ ቢደርስ ልብሴን ሳልቀይር ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።

በትምህርት ቤቱ የሴቶች ክበብ የሚባል ነገር ነበር። ማንም ስላልፈለገው ለእኔ ተሰጠኝ። የሺ የክበቡ አባል ነበረች፤ ሰባተኛ ክፍል፣ ቀጭን፣ ዓይኗን ከመሬት የማታነሳ። ቤተሰቦቿ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ፣ ባሕር ዛፉ መሐል የሚኖሩ ናቸው። እሷ ግን ለትምህርቷ ሲባል ወሰን አክስቷ ቤት ነበር የምትኖረው። ከእሷ በላይ ሰው አክባሪ ልጅ አላየሁም። ትልቅ ሰው ሲያልፍ መንገድ ለቃ ትቆማለች። ስትጠራ በሁለት እጇ ቀሚሷን ይዛ «አቤት» ትላለች። መምህራን ሁሉ «ልጅ ማለት እንደ የሺ ነው» እንል ነበር። ከክፋት ሳይሆን እውነት ስለመሰለን ነው።

ወሰን መንገድ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ጋራዦች ነበሩ። የአንዱ በር ሰማያዊ ነው፣ የሌላው አረንጓዴ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ትምህርት እንዳበቃ፣ የሺ በዚያ ስታልፍ ቱታ የለበሰ አንድ ሰው «የኔ ልጅ፣ እስቲ ይቺን ጀሪካን ወደ ውስጥ አድርሺልኝ፣ ወገቤን አሞኝ ነው» አላት። ትልቅ ሰው ነው የለመናት። «እሺ» ብላ አነሳች። ወደ ውስጥ ስትገባ በሩን ዘጋው። እጁን ነክሳ፣ በትንሿ በር ሾልካ አመለጠች፤ ከዚያ በላይ ጉዳት ሳያደርስባት። ይህንን ብቻ ነው የምጽፈው፤ የቀረው የእሷ ነው።

ሰውዬው ተያዘ፤ ከዚያ ግን በዋስ ወጣ። በየቀኑ በዚያው መንገድ ላይ ይታይ ነበር፤ እጁ ላይ ፋሻ ጠምጥሞ፣ ትምህርት ቤቱ ሲለቀቅ ግንብ ላይ ቁጭ ብሎ። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሴቶች በሌላ መንገድ፣ በወንዙ በኩል ዞረው መሄድ ጀመሩ። ጥቂቶቹ ጭራሽ መምጣት አቆሙ። ዐቃቤ ሕጉ ቁርጡን ነገረን፦ «የልጅቷ ቃል እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ ቦታ ሰማያዊ በር ብላለች፣ ሌላው ቦታ አረንጓዴ። ሰውዬው የሚሠራው አረንጓዴው ጋ ነው። ችሎት ፊት እንደገና ከተደናገረች በነፃ ይሄዳል።» የእሱ ነፃ መውጣት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ በወንዙ በኩል የሚዞሩትን ልጆች ማየት በቂ ነበር።

ጉዳዩን የያዘችው ሳጅን ዘነበች ነበረች። በጣቢያው ካሉት ጥቂት ሴቶች አንዷ ናት፤ ድምፀ ጎርናና፣ ሳቂታ፣ ቡትስ ጫማዋን ሁልጊዜ እንደ መስታወት የምታብስ። በጤና ጣቢያው የሺን የመረመረቻት ደግሞ ሲስተር ሮማን ናት። የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነበረችና መርፌ ስትወጋ ሁሉ ታንጎራጉራለች። ሦስታችን ትምህርት ቤቱ ካርታና ሉል በሚያስቀምጥባት ጠባብ ክፍል ተሰበሰብን። የሺ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ አክስቷ በሩ ጋ ቆመች።

ሳጅን ጀመረች። «በይ ሙሉ፣ ከትምህርት ቤት ስትወጪ ማን አብሮሽ ነበር?»

«አቤት፣ ብቻዬን ነበርኩ።»

«ጎበዝ ሙሉ። ሙሉ፣ ሰውዬው ከየት በኩል ጠራሽ?»

«አቤት፣ ከግራ።»

ሙሉ የቤት ስሟ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ሦስት አራት ጊዜ ስትባል ግን ከነከነኝ። «ሙሉ የቤት ስምሽ ነው እንዴ?» አልኳት።

«አዎ ቲቸር።»

«ማን ሙሉ?» አለች አክስቷ ከበሩ። «ኧረ እኛ ቤት ሙሉ የሚባል ሰው የለም!»

ሳጅን የያዘችውን ወረቀት አየች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። ሙሉ በዚያው ሰሞን የያዘችው የሌላ ጉዳይ ልጅ ስም ነበር።

«የሺ» አለቻት ቀስ ብላ፣ «ታዲያ ለምንድነው አቤት ያልሽኝ?»

የሺ ጥያቄው ራሱ ግራ የገባት መሰለች። «ጠሩኝኮ፣ ሳጅን» አለች።

ሲስተር ሮማን ማንጎራጎሯን አቆመች። ሳጅን ቆቧን አወለቀችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «ጣቢያ ያመጧት ቀን» አለች፣ ለእኛ ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር፣ «እኔ የማውቀው ሰማያዊውን ጋራዥ ነበር። ሰማያዊው በር ነው አይደል? አልኳት። አዎ ሳጅን አለች። እኔ ነኝ ቀለሙን የሰጠኋት።»

ይህ ስህተት የእሷ ብቻ አልነበረም። የሁላችንም ነበር። ልጆቻችንን ለትልቅ ሰው «አይደለም» እንዳይሉ አድርገን አሳድገን፣ ከዚያ ትልልቅ ሰዎች ሆነን ፊታቸው ተቀምጠን፣ መልሱን በጥያቄው ውስጥ አስገብተን እንጠይቃቸዋለን። አዎ ሲሉን እንመዘግባለን። አዎታቸው ሁለት ዓይነት ሲሆን ደግሞ ውሸታም እንላቸዋለን። ያንን ጀሪካን ያስነሳትም «እሺ» ያው ራሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም እያንዳንዳችን ከየሙያችን አንድ ነገር አምጥተን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥን። ሲስተር ሮማን፣ «ሕፃን ልጅ እዚህ ጋ ያምሃል ስትለው አዎ ይላል፤ እዚያ ጋስ ስትለው አዎ ይላል» አለች። «ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማያመውን ቦታ ነው የምነካው። እዚያ ላይ አያመኝም እንዲለኝ ካለማመድኩት በኋላ ነው የታመመውን የምጠይቀው።» እኔም የአንደኛ ክፍል ጨዋታዬን ነገርኳቸው። ልጆቹ ሲያንቀላፉብኝ ሰሌዳው ላይ ላም ሥዬ «ይቺ ዶሮ ናት» እላለሁ። መጀመሪያ ዝም ይሉኛል፤ ቲቸር አይሳሳትም ብለው። ቀስ በቀስ አንዱ ይደፍራል። ከዚያ ክፍሉ በጩኸት ይናወጣል። ሳጅን ደግሞ ፍርድ ቤቱን ታውቃለች። «አንድ ነገር ግን» አለች ጣቷን ቀስራ፣ «ስለ በሩም ሆነ ስለ ሰውዬው አንዲት ቃል አናነሳም። ያን ካደረግን እኛ ነን ያስጠናናት። የምናስተምራት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ተሳስተዋል፣ አላውቅም፣ አልገባኝም።»

የጀመርነው ረቡዕ ነበር። «የሺ፣ ዛሬ እሑድ ነው አይደል?» አልኳት።

«አዎ ቲቸር።»

«ከወሰን መገናኛ በአውሮፕላን ነው የሚኬደው አይደል?»

አየችኝ። ጫማዋን አየች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ «ታክሲም አለ፣ ቲቸር» አለች።

ሲስተር ሮማን ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ካርታው ዞረች። እኔ ግን ልጅቷን ላቅፋት ምንም አልቀረኝም። ትልቅ ሰው ስታርም የመጀመሪያዋ ነበር።

ብቻዋን እንዳይከብዳት ብለን ጨዋታውን ለክበቡ ልጆች በሙሉ አደረግነው። ሳጅን ዘነበች ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቡትሷን አብሳ ትመጣና ፊታቸው ቆማ ትዋሻለች። «እኔ ታዋቂ ዘፋኝ ነኝ አይደል?» ትላለች። ልጆቹ ዩኒፎርሙን ሲያዩ አንገታቸውን ይደፉ ነበር። በኋላ ግን ፋሲካ የምትባል አንዲት ተንኮለኛ ልጅ፣ «ተሳስተዋል ሳጅን! ድምፅዎን ሰምተነዋል!» አለችና ክፍሉ ተገለበጠ። በወንዙ በኩል ይዞሩ የነበሩት ልጆች ለጨዋታው ሲሉ መቆየት ጀመሩ። ሲወጡ ተያይዘው፣ በትልቁ መንገድ፣ እርስ በርስ «ዝናብ እየዘነበ ነው አይደል?» «አይደለም! ተሳስተሻል!» እየተባባሉ ይሄዳሉ። ግንቡ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ሲያልፉ ዓይኑን የሚጥልበት ቦታ ሲያጣ አይቼዋለሁ።

የሺ ግን ከሁሉም ወደኋላ ቀረች። ከእኩዮቿ ጋር ትጫወታለች፤ ትልቅ ሰው ሲጠይቃት ግን «ታክሲም አለ» የምትለው ዓይነት ነገር ነው የሚወጣት። ጭራሽ የባሰ መጣ። አክስቷ አኩርፋ መጣችብኝ። «ቲቸር፣ ምንድነው የምታስተምሩልኝ? ትናንት ወጡ ጣፍጧል አይደል ብላት ጨውም አለው አለችኝ! እኔን! ለአባቷ ልኬያለሁ፤ ይመጣና ይወስዳታል።»

እስኪመጣ አልጠበቅንም። ቅዳሜ ጠዋት እኔና ሳጅን የሺን ይዘን ከመገናኛ ስድስት ኪሎ፣ ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ በታክሲ፣ ከዚያ በእግር ወደ እንጦጦ ወጣን። የእኔ ተረከዝ ያለው ጫማ ዳገቱ ላይ ለሁለት ተከፈለ፤ ሳጅን በቡትሷ ሽቅብ እየሳቀችብኝ ወጣች። የዛን ጊዜው መንገድ የተጠረበ ድንጋይም አስፋልትም አልነበረውም፣ ቀይ አፈርና የወደቀ ቅጠል ብቻ። ዛሬ ወጣቶች ለሽርሽር በመኪና ሲወጡበት ሳይ፣ አየሩ ብቻ እንዳልተለወጠ አስባለሁ።

የየሺ አባት አቶ ገብሬ ከቤታቸው ፊት እንጨት ሲከምሩ አገኘናቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው በአክብሮት ተቀበሉን፤ ንግግራቸው ግን ቁርጥ ያለ ነበር። «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ። እኔ ልጄን ሰው አክባሪ አድርጌ ነው ያሳደግኳት። አሁን ባለጌ ልታደርጉብኝ ነው። ክሱም ይቅር፣ ትምህርቱም ይቅር። እዚሁ ከእኔ ጋር ትሁን።»

ሳጅን ናት የመለሰችላቸው፣ ቆቧን በእጇ ይዛ። «አባባ፣ ያ ሰውዬ ጀሪካኑን አድርሺልኝ ሲላት ለምን እሺ ያለችው ይመስልዎታል?»

አቶ ገብሬ አንድ እንጨት ከመሬት አነሱ።

«ባለጌ ብትሆን ኖሮ ጥላው ትሄድ ነበር» አለች ሳጅን። «አክባሪ ስለሆነች ነው የገባችው። እኛ አክብሮቷን አልነካንም። ማንን ማክበር እንዳለባት እንድትመርጥ ነው የምንፈልገው። እኔ ራሴ፣ የመንግሥት ልብስ ለብሼ፣ የሌላ ሰው ስም ጠርቻት አቤት ብላኛለች። እኔን ተሳስተሻል የሚለኝ ሰው ስላልነበረ ነው ይህ ሁሉ የመጣው።»

አቶ ገብሬ የያዙትን እንጨት ከምሩ ላይ አደረጉ። ከዚያ ልጃቸውን ጠሯት። በጓሮ የታሰረችውን ላም በአገጫቸው አመለከቱ።

«ነይ እስቲ። ይቺ ላማችን ጥቁር ናት አይደል?»

ላሟ ቀይ ናት። ከግንባሯ እስከ ጅራቷ ቀይ። የሺ እኔን አየች፤ እኔ ዓይኔን ወደ ባሕር ዛፉ አዞርኩ፣ ላግዛት ስለማይገባኝ።

«አባባ...» አለች።

«መልሺ! ጥቁር ናት፣ አይደል?»

«አይደለችም አባባ።» የያዘችውን ቀሚስ ለቀቀች። «ቀይ ናት። ተሳስተዋል።»

ሰውዬው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነው እየሳቁ መሆናቸው የገባኝ። «በይ እንግዲህ» አሉ፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ለእኔ ካልሽ ለዳኛውም በይው። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።»

የቀጠሮው ቀን አረንጓዴ ኮቴን ለበስኩ። ችሎቱ ዝግ ነበር፤ ዳኛው ግን አባቷና እኔ ከኋላ እንድንቀመጥ ፈቀዱልን። ሳጅን ምስክር ስለሆነች ኮሪደር ላይ ቀረች። የተከሳሹ ጠበቃ ፀጉራቸው ነጭ፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ደግ አያት የሚመስሉ ሰው ነበሩ። ቢቆጡ ይሻል ነበር ብዬ አሰብኩ። እሷን የሚያሸንፋት ቁጣ ሳይሆን ደግነት ነው። ወደ የሺ ጠጋ ብለው ፈገግ አሉ።

«ስምሽ የሺ ነው አይደል፣ የኔ ልጅ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ጎበዝ ተማሪ ነሽ አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ትልቅ ሰው የምታከብሪ፣ የማትዋሺ ልጅ ነሽ አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

አዎዎቹን አንድ በአንድ ይደረድሩላታል። አቶ ገብሬ የጋቢያቸውን ጫፍ ጨብጠዋል።

«እንግዲህ የኔ ልጅ፣ የገባሽበት ጋራዥ በሩ ሰማያዊ ነበር፣ አይደል?»

ጠበቃው ፈገግ እንዳሉ ጠበቋት። እኔ መሬቱን አየሁ። እዚያ መሬት ላይ ወንዙን፣ ግንቡን፣ የሚዞሩትን ልጆች ሁሉ አየሁ።

«አይደለም ጋሼ» አለች የሺ። «አረንጓዴ ነው። ተሳስተዋል።»

ዳኛው ብዕራቸውን አነሱ። ጠበቃው ፈገግታቸውን አልጣሉም። «ግን እኮ ጣቢያ የሰጠሽው ቃል እዚህ አለ። ራስሽ ሰማያዊ ብለሻል።»

«ሳጅን ሰማያዊ ነው አይደል ሲሉኝ አዎ ብያለሁ፣ ጋሼ። ሳጅን ሙሉ ብለው ሲጠሩኝም አቤት ብያለሁ።» ቀና አለች፤ ሰው ዓይን ውስጥ ስትመለከት ያየኋት ያን ጊዜ ነው። «ስሜ ግን ሙሉ አይደለም።»

ጸሐፊዋ ሳቋ አመለጣት። ዳኛው ራሳቸው ወደ ወረቀታቸው አጎነበሱ፤ ከንፈራቸውን ግን አይቻለሁ። ጠበቃው ተስፋ አልቆረጡም፤ «ያን ዕለት ሰውዬው ሰዓት አድርጎ ነበር?» ሲሏት «አላውቅም ጋሼ» አለች። አንድ ረጅም የተወሳሰበ ነገር ሲጠይቋት «አልገባኝም ጋሼ፣ እንደገና ይንገሩኝ» አለች። እንደገና ነገሯት፤ እሳቸውም ያልገባቸው መሰሉና ተቀመጡ። ከዚያ ሳጅን ዘነበች ተጠራች። አለቃዋ «ስህተትሽን ራስሽ ችሎት ላይ መናገር ምን አመጣው» እንዳላት አውቃለሁ። እሷ ግን ቡትሷን ገጠም አድርጋ ቆማ፣ «እውነቷን ነው፤ ቀለሙን የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ የሰው ስምም ሰጥቻታለሁ» አለች፣ በዚያ ጎርናና ድምፅዋ። ያን ቀን ካየኋቸው ደፋሮች ሁለተኛዋ እሷ ነበረች።

ፍርዱ በሚቀጥለው ቀጠሮ ተነበበ። «ጥፋተኛ» የሚለው ቃል ሲወጣ አቶ ገብሬ ምንም አላሉም። ኮሪደር ላይ ወጥተን ግን የሳጅንን እጅ ይዘው፣ «ተሳስቼ ነበር» አሉ። በትልቅ ሰው አፍ ያንን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር መሰለኝ። በማግስቱ ግንቡ ባዶ ነበር። ልጆቹ በትልቁ መንገድ፣ በአረንጓዴው በር ፊት ለፊት፣ እየዘፈኑ አለፉ፤ የካሴት ቤቱ ሰውዬም ድምፁን ከፍ አደረገላቸው።

ጨዋታው ከእኛ ትምህርት ቤት ወደ ጎረቤቶቹ ሄደ። ዘነበች በማታ ክፍለ ጊዜ ተማረች፤ ዛሬ የፎረንሲክ ሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ ልጅ ፊቷ ሲቀመጥ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምታደርገው ስሙን አሳስታ መጥራት ነው። ሲስተር ሮማን ጡረታ እስክትወጣ ነርሶችን ስታሠለጥን ኖረች። እኔ ከሀ ሁ አልተላቀቅኩም፤ ዘነበች ናት በዚህ ዕድሜዬ ገፍታ ያስመዘገበችኝ። የሺ ደግሞ፣ እዚያው ወሰን፣ እዚያው መንገድ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፍታለች። የሁለቱም ጋራዥ መካኒኮች እቃ በዱቤ ስጪን ብለው ደጇ ላይ ቆመው ሲለምኗት፣ አንዳንዴ እሺ ትላለች፣ አንዳንዴም አይሆንም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀደም ብዬ ሄጄ እዚያው ከፊት ተቀመጥኩ። ዶክተሯ ገብተው ያለፈውን መከለስ ሲጀምሩ እጄን አነሳሁ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ። ባለፈው ሳምንት እዚህ ከተማ ያሰበበት ሰው አልነበረም፣ አይደል? ብለው ጠይቀውኝ አዎ ብያለሁ። አይደለም። ተሳስተዋል።»

ዶክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ የሰሌዳ ማርከራቸውን ዘረጉልኝ። «ይምጡ እትዬ አጸደ። ይንገሩን።»

ነገርኳቸው፤ እንደጻፍኩት ሁሉንም። ስጨርስ አስተማሪነቴ አልለቀቀኝምና ወደ ክፍሉ ዞርኩ። «እስቲ እናንተን ልያችሁ። ይህ የተቀመጥንበት ክፍል ያለው ሐዋሳ ነው፣ አይደል?»

ከፊት ያለው ፖሊስ ቀጥ ብሎ ተነሳና «አዎ ማዘር!» አለ። አለና ራሱ ደነገጠ። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅኩ።

«እንደገና» አልኩ። «ሐዋሳ ነው፣ አይደል?»

«አይደለም!» አሉ በአንድ ድምፅ፤ ነርሶቹ፣ ጠበቃዋ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መካሪ፣ ፖሊሱ። መስኮቱ ነዘረ። ከሁሉ በላይ ከፍ ብሎ የተሰማኝ ግን የዶክተሯ ድምፅ ነበር።